ብር ሳትከፍሉ የምትቀመጡበት ቦታ አለ? ከተማ ሰውን እንዴት እንደሚያገናኝና እንደሚያራርቅ

ጠዋት ቡይት ራስ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጭላዳዎችን ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ። ግን ወዲያው ሣር መንጨት አይጀምሩም። መጀመሪያ ተጠጋግተው ቁጭ ይላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንዱ የአንዱን ፀጉር ይፈትሻል። የቀኑ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ደባርቅ ውረዱ። ሰዓቱ ያው ነው፤ ብርዱም ብዙም አይለይም። ፊቱ ወደ ምሥራቅ በዞረ ግድግዳ ሥር ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዱ ባጃጅ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ አንዱ ቢሮ እስኪከፈት፣ አንዱ ምንም አይጠብቅም። ወሬው ግን ደርቷል። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ውጤት መጣለት፣ ጤፍ ስንት ገባ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ ሁሉም እዚያ ይሰማል።

ሰውን ከጭላዳ ጋር አመሳሰላችሁ ብላችሁ እንዳትቆጡን። ልንል የፈለግነው ሌላ ነው። ያንን ግድግዳ የሠራው ሰው ቤቱን ለማጠር እንጂ መገናኛ ለማቋቋም አልነበረም። የማዘጋጃ ቤት ፕላን ላይም «የወሬ ቦታ» ተብሎ አልተሰመረም። ፀሐይዋ፣ ጀርባ ማስደገፊያው ግድግዳና ከሥሩ ያለችው ድንጋይ ተገናኝተው መገናኛ አደረጉት። ነገ ያ ግድግዳ ፈርሶ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቢቆምና ደጁ ላይ የብረት አጥር ቢደረግ፣ ሰዎቹ የሚበተኑት ተጣልተው አይደለም። የሚቀመጡበት ስለጠፋ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። የከተማ ቅርጽ፣ ማለትም መንገዱ፣ ደጁ፣ ጥላው፣ መቀመጫው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይወስናል። ይህን ቁጭ ብለው በደብተር እየቆጠሩ ያጠኑ ሰዎች አሉ። እኛም ልናጠናው እንችላለን።

▪️ ሦስት ዓይነት «ደጅ መውጣት»

ያን ጌል የሚባል የዴንማርክ አርክቴክት አለ። ባለቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። አርክቴክቶች ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ ሰው ለምን አታስቡም የሚለው የእሷና የጓደኞቿ ጥያቄ ሥራውን እንደቀየረው ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ በሕንፃዎች መካከል ስላለው ሕይወት ጻፈ። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለን፦ ደጅ።

ጌል ሰው ደጅ ወጥቶ የሚያደርገውን በሦስት ከፈለው።

አንደኛው ግዴታ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ትምህርት ቤት መሄድ፣ ገበያ መውጣት፣ መኪና መጠበቅ። ቦታው ቢያምርም ባያምርም ይደረጋል።

ሁለተኛው በፈቃድ የሚደረገው ነው። ወክ ማድረግ፣ ፀሐይ መሞቅ፣ ቆም ብሎ ማየት። ይህ የሚሆነው ቦታው ሲመች ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማኅበራዊው ነው። ሰላምታ፣ ወሬ፣ የልጆች ጨዋታ፣ ዝም ብሎ ሰው ማየትም ጭምር። ይህኛው ብቻውን አይመጣም። ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ነገሮች ወጥቶ ሲቆይ ነው የሚወለደው። ቦታው ካልተመቸ ሁሉም ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ሦስተኛውም ሳይወለድ ይቀራል።

ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1962 ዋናውን የገበያ መንገድ ስትሮየትን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ለቀቀች። ያኔ የተቃወሙ ብዙ ነበሩ። አገራችን ብርድ ነው፣ እንደ ጣሊያን ደጅ ላይ የሚቀመጥ የለም አሉ። ሰው ግን ወጣ፣ ተቀመጠ። «ደባርቅ ብርድ ነው፣ ማን ደጅ ይቀመጣል?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። በብርድ አገር ሰው ይቀመጣል፤ ፀሐይ ያለበትንና ነፋስ የማይገባበትን ቦታ ካገኘ።

▪️ የእኛ ከተሞች መገናኛ ከየት መጣ?

የጌልን ክፍፍል ይዘን ወደ ደባርቅና ዳባት ስንመለስ አንድ ነገር ቶሎ ይታያል። የእኛ ደጅ አብዛኛው ከግዴታ የተወለደ ነው።

ወፍጮ ቤትን አስቡ። እህል ለማስፈጨት የሄደች እናት ወረፋ ትይዛለች። ወረፋው ረጅም ነው፣ ወሬውም እንደዚያው። ቦኖ ላይ ጀሪካን የደረደሩ ልጃገረዶች ተራቸው እስኪደርስ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ገበያ ላይ ገብስና ድንች ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ከሌላ ቀበሌ ያለ አማቹን ያገኛል። ደጀ ሰላም ላይ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ መስጊድ በር ላይ ስግደት ሲያልቅ፣ ሰው ወዲያው አይበተንም። መናኸሪያ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች መኪና አብረው ሲጠብቁ የአገር ልጅ ሆነው ይገኛሉ።

ከሁሉም የሚገርመን ግን የለቅሶ ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይዞ ይመጣል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ትናንት ባጃጅ ሲመላለስበት የነበረው ኮረኮንች ሳሎን ይሆናል። ማንም «ለምን መንገድ ዘጋችሁ?» አይልም። ከተማው ውስጥ መንገድ የመኪና ብቻ አለመሆኑን ሁሉም ሳይከራከር የሚቀበልበት ጊዜ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን አደጋ አለው። መገናኛው የግዴታው ትርፍ ከሆነ፣ ግዴታው ሲቀር መገናኛውም አብሮ ይቀራል። የቧንቧ ውሃ ግቢ ሲገባ የቦኖው ወረፋ ያልቃል። ዱቄት በፌስታል ሲገዛ የወፍጮው ወረፋ ያጥራል።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ጀሪካን መሸከም ይመለስልን የሚል ሰው ወገቡ ላይ ተሸክሞ አያውቅም ማለት ነው። ድካሙ ይቅር! የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ድካሙ ሲቀር፣ ከድካሙ ጋር የነበረውን መገናኛ ምን ይተካዋል? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው ከተማው እያደገ ሰው ግን «ብቸኝነት ተሰማኝ» የሚለው።

▪️ መኪናና ጓደኛ

ዳባትም ደባርቅም መንገድ ላይ የተሰለፉ ከተሞች ናቸው። ከጎንደር ተነስቶ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይና ሽሬ የሚወስደው መንገድ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃቸዋል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው። ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱ፣ ባንኩ ሁሉ ፊቱን ወደዚህ መንገድ አዙሯል። መንገዱ እንጀራችን ነው። ግን ሌላም ነገር ያደርጋል።

ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት መንገዶችን አወዳደረ። ቤቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ የመኪናው ብዛት ነው። በአንደኛው በቀን 2,000 ገደማ መኪና ያልፋል፣ በሦስተኛው 16,000 ገደማ። ከዚያ ነዋሪዎቹን «በመንገዱ ላይ ስንት ጓደኛ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መኪና የማይበዛበት መንገድ ላይ አንድ ሰው በአማካይ 3 ጓደኛ ነበረው። መኪና በሚበዛበት ላይ አንድም አልሞላም፤ 0.9 ነው የወጣው። ነዋሪዎቹ «የኔ ሰፈር» ብለው የሚያሰምሩት ክልልም ተለያየ። ጸጥ ባለው መንገድ ሰው መንገዱን ሁሉ የራሱ ያደርጋል። በተጨናነቀው ግን የራሱ የሚለው ከበሩ ብዙም አያልፍም።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። አፕልያርድ ያሳየው ጎረቤት ቅርብ የሚሆነው በሜትር ብቻ አለመሆኑን ነው። ከመንገድ ማዶ ያለው ቤት 15 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ሕፃን ልጅ መሻገር የማይችልበት መንገድ መሐል ካለ፣ ሩቅ ነው።

ደባርቅ የሳን ፍራንሲስኮን ያህል መኪና የላትም። ግን የጭነት መኪና ቁልቁል ሲወርድ እናት ልጇን ጎትታ የምታስገባበት ደጅ እዚህም አለ። ልጆቹ መንገዱ ላይ ካልተጫወቱ ወላጆቹም ደጅ አይቆሙም፤ ደጅ ካልቆሙ ደግሞ አይተዋወቁም። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» አስታውሱ። አንዳንድ አስፋልቶች ለጥቂት ሰዓታት ለመኪና ሲዘጉ ልጆች ኳስ፣ ስኬትና ብስክሌት ይዘው ወጡ። ልጆቹ ፊትም ነበሩ፣ ያልነበረው ቦታው ነው።

▪️ ከግጭ ወደ ደባርቅ

ለዚህ ጉዳይ ከእኛ አካባቢ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻ፣ ግጦሽና ሰፈራ ይገኙበታል። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው፣ የመኖሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ። ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ጥሩ ዜና ነበር።

ለሰውስ? ስለ ገቢና ስለ እርሻ መሬት ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ገብስ ሲያበቅልና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ በምን ይተዳደር የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እኛ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ብዙ የማይነሳውን እንጠይቅ።

የካሳ ሒሳብ ሲሠራ የሚቆጠር ነገር አለ። ቤት ይቆጠራል፣ መሬት ይለካል፣ ዛፍ ይቆጠራል። ከብት ሲጠብቁ የሚቀመጡበት ጉብታ ግን አይቆጠርም። ሁለት ቤት መካከል ያለችው፣ ማታ ማታ ወሬ የሚወራባት ክፍት ቦታ አትቆጠርም። ሰው ወደ ምንጭ ሲወርድ ከማን ጋር እንደሚገናኝ አይቆጠርም። በካሳ ወረቀት ላይ ለእነዚህ ዐምድ የለም።

ገጠር መንደር ውስጥ ሰው ሳይገናኝ ለመኖር ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ሥራው ያገናኘዋል። ከተማ ውስጥ ግን ቦታ በካሬ ተሸንሽኖ በቆርቆሮ ይታጠራል። ከአጥሩ ወጥቶ የሚቀመጥበት ካልተዘጋጀ፣ አብሮ የመጣ ጎረቤትም ቢሆን በሳምንት አንዴ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚለዋወጡት ሰው ይሆናል። የከተማው ነባር ነዋሪና አዲስ የመጣው ደግሞ አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ቦታ ከሌለ፣ አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው በሐሜት ብቻ ነው።

ይህ ለግጭ ሰዎች ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲደርስ ደባርቅ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ለተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች መጠጊያ ሆናለች። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተማሪ ይቀበላል። ትንንሽ ከተሞቻችን በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ የማይተዋወቅ ሰው ተቀብለዋል። እነዚህ ሰዎች የት ይተዋወቁ?

▪️ ታስቦበት የተሠራውስ?

አዲስ አበባ ላይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ይህ ጥያቄ ጨርሶ አልተረሳም ነበር። ፎቅ ላይ በግ ማረድና እንጀራ መጋገር እንደማይመች ስለታወቀ፣ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤቶች አብረው ተሠሩ። የዕርድ ቦታ፣ የማብሰያ ቦታ፣ የልብስ ማጠቢያ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

በብዙ ሳይቶች ግን እነዚህ ቤቶች ተከራይተዋል፣ ወይ ተዘግተዋል፣ ወይ ለሌላ ነገር ውለዋል። ሰዉ ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ለቅሶና ሠርግ ሲመጣ ድንኳኑ የመኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ቡና ደረጃ ሥር ይፈላል። ሴቶች በሩ አጠገብ ጉልት ዘርግተው እዚያው መገናኛ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው አለ፦ መገናኛ የሚሆነው ሰው ለሌላ ጉዳዩ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ጥግ ላይ የተሠራ አዳራሽ፣ በር ካለው ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ካለው ደግሞ ቁልፍ ያዥ አለው።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማትም በዚሁ ዓይን ይታይ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና መቀመጫ ሲመጣ ሰው ማታ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ይህ በዓይን የሚታይ ነው። በሌላ በኩል መንገዱ እንዲሰፋ የፈረሰ ሰፈር ውስጥ ዕድር ነበር፣ ቡና መጣጫ ነበር፣ ልጅ የምታስተኛ ጎረቤት ነበረች። እነዚያ ሰዎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ ዕድሩ በአውቶብስ አይከተላቸውም። አዲሱ ወንበር ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ የሚተዋወቁት ደግሞ ተራርቀዋል። ሁለቱም እውነት ነው። የሚጠቅመው አንዱን መርጦ መጮህ ሳይሆን ሁለቱንም መቁጠር ነው።

▪️ እዚያ የሌለው ማን ነው?

አሜሪካዊው ዊልያም ዋይት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የኒው ዮርክ አደባባዮችን በካሜራና በማስታወሻ ሲከታተል ኖረ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ አንዱ አደባባይ ሰው ሲሞላ ሌላው ለምን ባዶ ይሆናል? በ1980 ያወጣው መጽሐፍና ፊልም መልሱን ይዟል። ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ሲሉት ቀልድ ይመስላል፤ ግን ብዙ ውድ አደባባዮች መቀመጫ አልነበራቸውም። ፀሐይ፣ ዛፍ፣ ውሃና የሚበላ ነገር የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሰውን ያቆያሉ። ከ30 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሹል ብረት ካልተተከለበት፣ ወንበር ነው።

ሌላም አገኘ። ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ወደ ጥግ አይሄዱም፤ ሰው የሚበዛበት መሐል መንገድ ላይ ነው የሚቆሙት። ይህን ለማወቅ እኛ ካሜራ አያስፈልገንም። «ደህና ነህ? እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹ ደህና?» ሲባል ከኋላ ባጃጁ ክላክስ እያደረገ አይደል?

ከዋይት ሥራ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ሴቶችን መቁጠሩ ነው። ጥሩ በሚሠሩ አደባባዮች የሴቶች ቁጥር ከሌላው ቦታ ከፍ ይላል። ሴት ስትቀመጥ ቦታ ትመርጣለች፤ ምቾቱንም ደህንነቱንም ታያለች። ሴት የሌለችበት ቦታ አንድ ችግር አለበት ማለት ነው።

እስኪ ከተማችሁን በዚህ መዝኑት። ወንድ ልጅ ከሆንክ ፑል ቤት አለህ፣ ጆተኒ አለህ፣ ከረንቡላ አለህ፣ ኳስ ሜዳ አለህ፣ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት አለህ፣ ግድግዳ ተደግፈህ መንገደኛ ማየትም ማንም አይከለክልህም። ሴት ልጅ ከሆንሽስ? ቦኖ፣ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። ሁሉም ሥራ ወይ ጸሎት ነው። ምንም ሳትሠሪ፣ ምንም ሳትገዢ፣ ለከፋ ሳይደርስብሽ ግማሽ ሰዓት ከጓደኛሽ ጋር የምትቀመጪበት ቦታ ጥሪ ብትባዪ ስንት ትጠሪያለሽ?

ካፌ አለ ትሉናላችሁ። አለ። ግን ካፌ የሚያስቀምጠው ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣት በየቀኑ ማኪያቶ ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ርዕሳችን ላይ ያነሳነው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ያለ ብር የሚቀመጡበት ቦታ የሌለው ከተማ፣ ብር የሌለውን ሰው ቤቱ ይቆልፍበታል።

▪️ ዳታ የጠፋ ጊዜ

«አሁን እኮ ሰው የሚገናኘው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ደጅ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን የአማራ ክልል ወጣት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ቆየ። ግሩፑም፣ ቻናሉም፣ ቲክቶኩም በአንድ ቀን ጸጥ አለ።

ያኔ የቀረን ደጅ ነው። እሱም ቢሆን እንደልብ አልነበረም፤ ስብሰባ ተከልክሎ፣ ሲመሽ ሁሉም ቤቱ ገብቶ። ቢሆንም ማን በሕይወት አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገድ ተከፍቷል ወይ የሚለውን የሰማነው ከሰው አፍ ነው፤ ሱቅ በር ላይ፣ ቡና ላይ፣ ደጀ ሰላም ላይ። ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ዱቄት ተበደረ፣ ስልክ አስደወለ። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ቤቱ ቁጭ አለ።

ስልክ ሰው ያገናኛል፤ እኛም የምናወራችሁ በስልክ ነው። ግን ስልክ የሚያገናኘን በአብዛኛው ቀድመን ከምናውቀውና ከሚመስለን ሰው ጋር ነው። ግድግዳው ሥር ፀሐይ ስትሞቁ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው አልጎሪዝም አይመርጠውም።

▪️ እንዴት እናጥናው?

ይህን ለማጥናት ዲግሪ አያስፈልግም። ጌልም ሆነ ዋይት የተጠቀሙት ዘዴ ማንም የሚችለው ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል።

1. አንድ ቦታ ምረጡ። ትንሽ ይሁን። የመናኸሪያ በር፣ የትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ አንድ ዛፍ።

2. በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። ስንት ሰው አለፈ፣ ስንት ሰው ቆመ ወይም ተቀመጠ? ሁለቱን ለዩ። ሺህ ሰው የሚያልፍበት፣ አንድም ሰው የማይቆምበት ቦታ መተላለፊያ እንጂ መገናኛ አይደለም። እኛ ስንሞክረው መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ የተቀመጡትን ብቻ ቆጥረን ቆመው የሚያወሩትን ረስተናል።

3. ማን እንደሆኑ መዝግቡ። ሴት፣ ወንድ፣ ልጅ፣ አዛውንት። በዱላ የሚሄድ ሰው ወይም ዊልቸር አለ? የሌለውን መጻፍ ካለው እኩል ይጠቅማል።

4. ካርታ ሳሉ። የቦታውን ንድፍ በእጃችሁ አድርጉና ሰው በተቀመጠበት ሁሉ ነጥብ አድርጉ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ነጥቦቹ ፀሐይዋን ተከትለው ሲዞሩ ታያላችሁ።

5. ዱካ ፈልጉ። ሰው በሌለበት ሰዓት ሂዱ። ሣሩን አቋርጦ የተሠራ የእግር መንገድ ሰው በየት መሄድ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። የቆሎና የሱፍ ቅርፊት የበዛበት ድንጋይ ሰው የሚቆይበት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ስልክ አውጥታችሁ ሰው አትቅረጹ። ያለ ፈቃድ የሰው ፊት መቅረጽ ነውር ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ለእናንተም ለተቀረጸውም ሰው ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ቁጥር ብቻ በደብተር ያዙ፤ ስም አትጻፉ። አንድ ሰው «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ካለ ደብተሩን አሳዩትና አስረዱት። ምናልባት እሱ ራሱ ተቀምጦ ይቆጥርላችኋል።

▪️ ከዚያስ?

ዋይት ቆጥሮ ዝም አላለም። ያገኘውን ለከተማው አቀረበና ኒው ዮርክ በ1975 የአደባባይ ግንባታ ሕጓን ቀየረች። አደባባይ የሚሠራ ባለ ሕንፃ ይህን ያህል መቀመጫ፣ ይህን ያህል ዛፍ ማድረግ አለበት ተባለ።

ለእኛ ከተሞች የሚያስፈልገው ከዚህም ያነሰ ነው። የሕዝብ ግቢ አጥር በድጋሚ ሲሠራ ከውጭ በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጎን፣ አንድ ረድፍ የድንጋይ መቀመጫ ቢጨመርለት ወጪው የአጥሩ ትንሽ ክፋይ ነው። ቦኖ አጠገብና ወፍጮ ቤት በር ላይ ጥላና አግዳሚ። መናኸሪያ ላይ ለሴቶች የሚመች፣ ብርሃን ያለው ማረፊያ። ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ በየዓመቱ እየተሸነሸነ እንዳይጠብ መጠበቅ፤ የአንድ ቀን በዓል ማክበሪያ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ኳስ ሜዳ የሚሆነው እሱ ነውና። አዲስ ሰፈር ሲመራ ደግሞ ከቤት ቦታው ጋር ድንኳን የሚተከልበት ክፍት ቦታ አብሮ ይሰመር።

ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ «ወጣቱ መዋያ አጥቷል» ብትሉ ሰምተው «ይታያል» ይሏችኋል። «በዚህ ቦታ በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ሰው አለፈ፣ ይህን ያህሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ከነዚያ ውስጥ ሴት ይህን ያህል ብቻ ናት» ብላችሁ ደብተር ብትዘረጉ ግን ወሬው ይቀየራል። ለቁጥር መልስ መስጠት ግድ ነው።

ነገ ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይወጣል። እስኪ አንዳችሁ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ።

እናንተ ሰፈር ብር ሳትከፍሉ የምትቀመጡበት ቦታ የት ነው? ድሮ ኖሮ አሁን የጠፋስ? ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን ላኩልን፤ ሰብስበን እዚሁ እናወጣዋለን።